እንግዳ ከሳፋው ሥር

ሐምሌ ተጋምሶ፣ ቦርከና ሲያጓራ፣
ሌሊቱን ስፈትል፣ ከማሽን ጋር ሳወራ፣
አድሬ መጣሁኝ የጭቃውን ዳር ዳሩን፣
ፀጉሬን ጥጥ አልብሶት፣ ገፋሁ የግቢ በሩን።

ሳፋውን ማታ ነው ከባንቧው ሥር የደፋሁት።
ዘንበል ብሎ ቆየኝ። ላስተካክል ገለጥሁት፤
ድንጋይ አየሁ። ድንጋይ አላስቀመጥኩም።
በጫማ ጫፍ ነካ ሳደርገው (ያን ያህል ደንግጬ አላውቅም)
ድንጋዩ “ፍስስ” አለ፣
ቫልቩ እንደላላ የባጃጅ ጎማ፣ ንዴቱን በጥቂት በጥቂቱ እየከፈለ።

“ጦይባ!” አልኩ።
መጣች፣ አንድ እግሯን ብቻ ተጫምታ፣
ሳቀች፣ ደግማ አየች፣ “ቢስሚላሂ!” ብላ ራቀች ሻሿን ወዳፏ ጎትታ።
“ኤሊ ናታ!”
“ኤሊስ ኤሊ ናት፤ ግን ምን ኤሊ?” አልኳት።
እንዲህ ብዬ ጠይቄ ነው መንደሩን ያመጣሁባት።

ጋሽ አራጋው፣ ጡረተኛው፣ ጆሮውን ለሽመና ክፍል የሸጠ፣
ገና ከደጃፉ ሳይወርድ ፍርዱን በጩኸት ሰጠ፦
“የሐርቡ ቆላ ኤሊ ናት! በልጅነቴ የጋለብኳት፣
ጀርባዋ የነብር ቆዳ ነው፣ ቢጫ ከጥቁር ያለባት።”
ይህች ነብርም የላት፣ ቢጫም የላት፣
ጠፍጣፋ፣ ከሻይ ሰሐን በጥቂት የምትሰፋ፣ ቂጡ የጠቆረ ድስት ናት።
“ዝናቡ አጥቧት ነዋ!” አለ። እሱ መቼ ይረታል!
ዕቁባችን ላይም እንዲሁ ነው፤ ተሳስቶም ቃለ ጉባኤ ያስይዛል።

የጦይባው ዙቤር የሳይንስ መጽሐፉን ሊያመጣ ሮጠ፤
“ገበሎ አስተኔ” ከሚለው ገጽ ሥዕሉ ተገንጥሎ አመለጠ።
ቢቸግረው በእርሳስ ጫፍ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ ቆጠረ፣
ከፊት አምስት፣ ከኋላ አምስት፤ ጅራቷን ሊለካ ሲል አፈረ።
“ኧረ አንገቷን እዩት!” አለ።
ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ አልገባም፤
ወደ ጎን ታጥፎ ተኛ ከጠርዟ ሥር፣ ባንድ ዓይኗ እያየችን፤ ሌላው አይታይም።

ቀትር ላይ ሙሄ መጣ፣ የጦይባን ፍየል ሊወጋ፣
የእንስሳት ጤና ነው፤ መርፌው በኪሱ፣ እጁ ግን የዋህ፣ የረጋ።
አነሳት፣ አሸተታት፣ ፊቱን ቋጠረ፣ ሳቀ፤
“የውሃ ናት። ስትፈራ ነው እንዲህ የምትሸት” ብሎ አሳወቀ።
“የየብሷ እግር የዝሆን ነው። የዚች ጣት መሐሉ ስስ ቆዳ አለው።
ዝናብ ሲያገኙ ይሄዳሉ፣ ኩሬ በኩሬ እየቀየሩ፤ ቤትሽ መንገዷ ላይ ነው።”

“ስሟስ?”
“ኮሌጅ ተምሬው ነበር፣ በፈረንጅ አፍ፤ ጠፋኝ አሁን።
ባማርኛ ያው ኤሊ ነው።”
“የየብሷም ኤሊ፣ የውሃዋም ኤሊ?”
“አብሽሪ፣ ስም ያጠረው አይሞትም” አለና አነሳ ቦርሳውን።

አልተኛሁም ያን ቀን።
ለበሬ ቀለም እንኳ አለን፦ ቦራ፣ ቡሬ፣ ዳልቻ፣
ለዚች፣ ዝናብ አቋርጣ ለመጣች፣ አንድ ቃል ብቻ።
እኔስ ብሆን፣ ስንዱ ብላኝ እናቴ፣
“መስመር አራት” አይደል የሚለኝ፣ ባጁ ሲወዛወዝ ከደረቴ?
ስድስት ዓመት። አለቃዬ ክር ሲበጠስ ብቻ ነው የሚያውቀኝ፤
እሱም ቢሆን “ማነሽ?” ብሎ ነው የሚጠይቀኝ።

አመሻሽ ላይ፣ ወደ ሥራ ስሄድ፣ በሳፋው ይዤያት ወረድኩ፣
ከድልድዩ በታች፣ ውሃው ረገብ ካለበት፣ ከሸምበቆው ዳር ተንበረከክኩ።
አልቸኮለችም። ጭቃውን በጥፍሯ ቧጨር አደረገች፣
የሆነ ነገር አሰበች፣ ወይም ምንም አላሰበች፣
ገባች።

ዙቤር በማግስቱ “ዞር ብላ አየችሽ?” አለኝ፣
ደብተሩን ዘርግቶ ጠበቀኝ።
እኔ እንጃ። አንገቷ ወደ ጎን አይደል የሚታጠፍ፤
ውሃውን አይታ ይሁን እኔን፣ የቱን ብዬ ላስጽፍ?